የጋሽ ይርጋ ግለ ሂስ

ባለፈው ማክሰኞ ጋሽ ይርጋ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። የዓመቱ ፈተና አልቆ ውጤት እየሞላሁ ነበር። ካምሲን የምንለው ትኩስ ነፋስ ስለጀመረ መስኮቶቹን ሁሉ ዘግቻለሁ፤ እሱ በሩን ሲከፍት ግን በክፍልና በፊደል ተራ የደረደርኳቸው ወረቀቶች ተነስተው ወለሉ ላይ ተበተኑ። ሁለታችንም ተንበርክከን ስንለቅም ቀና ሳይል፣ "ሰውየው ወረደ" አለኝ።

የትኛው ሰውዬ ብዬ አልጠየቅኩትም። በእኔና በጋሽ ይርጋ መካከል "ሰውየው" የሚባለው አንድ ነው፤ አቶ መኩሪያ፣ የክልላችን ፓርቲ ሊቀመንበር። ጋሽ ይርጋ ስልኩን አውጥቶ ዜናውን አሳየኝ። አቶ መኩሪያ ካባ ለብሰው ቆመዋል፤ ከሥሩ "ኃላፊነታቸውን በክብር አስረክበዋል" የሚል ተጽፏል። ፀጉራቸው ነጭ ሆኗል። ፈገግታቸው ያው የድሮው ነው።

"አሁን ፋይሌን የሚከፍትልኝ ሰው አላጣም" አለ ጋሽ ይርጋ። "ማመልከቻ ጻፍልኝ፣ መምህር። ብዙ ማለት አያስፈልግም። ያኔ የተናገርኩት ቃለ ጉባኤው ላይ አለ፣ አውጥታችሁ ተመልከቱት በል። የያዝከው አንተ ነህ፣ ከማንም በላይ ታውቀዋለህ።"

ዓርብ ይዤ እመጣለሁ አልኩት። ዓርብ እዚህ ጅቡቲ የዕረፍት ቀናችን ነው፤ ምሳም እነሱ ቤት ነው የምበላው። ደስ ብሎት ሄደ። እኔ ነጭ ወረቀት ፊት ለፊቴ አድርጌ ተቀመጥኩ፣ ቀኑንና "ጉዳዩ" የሚለውን ቃል ጻፍኩ፣ ከዚያ ወዲያ አልቻልኩም። ተነሳሁ፣ ግቢውን ዞርኩ፣ ውኃ ጠጣሁ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ረቡዕም ሐሙስም እንዲሁ አለፈ። ጋሽ ይርጋ የሚመካበት ቃል ቃለ ጉባኤው ላይ የለም። የለም የምለው ጠርጥሬ አይደለም። ያላስገባሁት እኔ ነኝ።

መምህር ነኝና አንድን ነገር ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ ማስረዳት አይሆንልኝም። ስለዚህ አሥራ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ልመለስ።

ጅቡቲ የመጣሁት በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ከመምህራን ኮሌጅ በወጣሁ ማግስት፣ እዚህ የሚኖሩ የአገራችን ሰዎች ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት የአማርኛና የኅብረተሰብ ትምህርት አስተማሪ እንደሚፈልግ ሰማሁ። ጋሽ ይርጋ ከእናቴ ጋር የአንድ ወረዳ ልጅ ስለሆነ ካርቲየ 4 በሚባለው ሠፈር ካለው ቤቱ አንዷን ክፍል ለቀቀልኝ። በገባሁ በማግስቱ መጻሕፍቴን በቁመታቸው ደረደርኩ፤ ግድግዳው ላይ የሳምንት ፕሮግራም ለጠፍኩ፤ ቤት ውስጥ ያለችው አንዲት ቬንትላተር በየክፍሉ ስንት ስንት ሰዓት እንደምትቆይም ሠንጠረዥ አወጣሁ። ጋሽ ይርጋ ሠንጠረዡን አንብቦ፣ ለካምሲኑም አንድ አውጣለት፣ እሱ ነው ሰዓት የማያከብረው አለኝ። ሚስቱ እትዬ ዘነበች ግን ሠንጠረዡን ገንጥላ የዱቄት ጣሳ ከደነችበት።

እትዬ ዘነበች ዓርብ ዓርብ የየመን ዓሣ ታስመጣለች። ዓሣው ከጀርባው ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ይዘረጋና በጋለ ምድጃ ይጠበሳል፤ ጫፍ ጫፉ ያረረ ሰፊ ቂጣ ይመጣለታል። እሷ ከላዩ የራሷን አዋዜ ታፈስበታለች። እኔ የደጋ ልጅ ዓሣ አልለመድኩም ነበር፤ ጋሽ ይርጋ እሾሁን እየለቀመ ሥጋውን በእኔ በኩል ያስቀምጥልኛል። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፣ መምህር ነኝ፣ ግን አልቃወምም ነበር።

የጋሽ ይርጋ ሥራ ትራንዚተርነት ነው። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። መርከብ ወደብ ደረሰ ማለት ዕቃ ተገኘ ማለት አይደለም። ዕቃው ወጥቶ መኪና ላይ እስኪጫን ድረስ ከመርከብ ወኪሉ፣ ከወደቡ፣ ከጉምሩኩ እየተፈረመ የሚሰበሰብ ወረቀት አለ። ያንን ወረቀት በእጁ ይዞ ከቢሮ ቢሮ የሚሮጠው ሰው ትራንዚተር ነው። ጋሽ ይርጋ ከአንዱ ጋር በፈረንሳይኛ፣ ከሌላው ጋር በሶማልኛ፣ ከሦስተኛው ጋር በዓፋርኛ እየቀለደ ያልፋል፤ ሌላው ሰው በሦስት ቀን የሚያስጨርሰውን እሱ በአንድ ቀን ያወጣዋል። ይሠራ የነበረው ለክልላችን ገበሬዎች ማዳበሪያ ለሚያስገባው ድርጅት ነው። ማዳበሪያው በመርከብ ሆድ ልቅ ሆኖ ይመጣል፤ ወደቡ ላይ በጆንያ ይሞላና በተሳቢ ወደ አገር ቤት ይወጣል። የጆንያ መሙያው ማሽን ደግሞ ተራ አለው። ተራህን ከሳትክ ከኋላህ የመጣው መርከብ ይቀድምሃል።

የዚያን ዓመት መርከቡ የገባው በሚያዝያ መጨረሻ ነበር፤ ለዘር ከበቂ በላይ ጊዜ ነበረ። ጋሽ ይርጋ ወረቀቱን ሊያወጣ ሲል ከክልሉ ግብርና ቢሮ ተደወለለት። ኃላፊው ራሳቸው ጅቡቲ ወርደው የመጀመሪያውን መኪና ይሸኛሉ፣ ቴሌቪዥንም ይመጣል፣ እስከዚያ ምንም እንዳይንቀሳቀስ ተባለ። ኃላፊው አቶ መኩሪያ ናቸው። ጋሽ ይርጋ ጠበቀ። ጉዞው በሁለት ቀን ተገፋ፣ ቀጥሎ በሦስት ቀን። እሱ በየማለዳው ይደውላል፤ እነሱ ነገ ይሉታል። ከአገራችን ልጆች አንዱ ከድር የሚባል የተሳቢ ሹፌር፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ካለው የመኪና ማቆሚያ፣ ከፒኬ 12፣ ቤት ድረስ እየመጣ ይነተርከው ነበር።

"ጋሽ ይርጋ፣ ማዳበሪያው ሙሽራ ነው እንዴ? ሚዜ ካልመጣ ከቤት አይወጣም?"

ዘጠኝ ቀን አለፈ። የማሽኑ ተራ ለሌላ መርከብ ተሰጠ። ቆመው የነበሩት መኪናዎች ባዶ ከሚያድሩ ብለው ስንዴ ጭነው ሄዱ። አቶ መኩሪያም ሌላ ስብሰባ ገጥሟቸው ሳይመጡ ቀሩ፤ "ያለ እኛ ቀጥሉ" የሚለው ስልክ ሲመጣ ከኋላ ቆሞ ሌላ ሦስት መርከብ መጠበቅ ግድ ሆነ። የመጀመሪያው ጆንያ ከጅቡቲ ሲወጣ አገር ቤት ዝናቡ ከገባ ሰንብቷል። ገበሬው ያለ ማዳበሪያ ዘራ።

እዚህ ላይ ስለ አቶ መኩሪያ መናገር አለብኝ። ክፉ ሰው አድርጌ ብሥላቸው ይቀለኝ ነበር፤ ግን እውነት አይሆንም። የገጠር ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበሩ። ከዚያ የኅብረት ሥራ አደራጅ፣ የወረዳ አስተዳዳሪ፣ የዞን ኃላፊ፣ ከዚያ የግብርና ቢሮው። በዚያ ዓመት ለፓርቲው ሥራ አስፈጻሚ ተመርጠው ነበር። በየደረጃው ገበሬ ቤት አድረው፣ በበቅሎ ተጉዘው፣ ጎርፍ የወሰደው ድልድይ ላይ ከሕዝቡ ጋር ድንጋይ ተሸክመው ነው የወጡት። ይህንን የወረዳችን ሰው ሁሉ ይመሰክራል። እኔም ኮሌጅ ሳለሁ ንግግራቸውን በሬዲዮ ሰምቼ ማስታወሻ የያዝኩባቸው ሰው ናቸው።

ክልሉ ውስጥ ጥያቄው ሲበዛ፣ ማዳበሪያው ለምን ዘገየ ተብሎ ግምገማ እንዲካሄድ ተወሰነ፤ ግምገማውን እንዲመሩ የተላኩትም እሳቸው ሆኑ። በሐምሌ መጡ። በመጡ ዕለት ከሰዓት በኋላ ፒኬ 12 ሄደው፣ አቧራው መሐል የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀምጠው ከሹፌሮች ጋር ከአንድ ድስት በሉ። እያንዳንዱን ሹፌር የየትኛው ቀበሌ ልጅ እንደሆነ ጠየቁት፤ የከድርን አባት በስም አወቁት። ከድር ቀልዱን ሁሉ ረስቶ እጅ ሲነሳ አየሁት። ወደ እኔ ዞረው መምህር መሆኔን ሲሰሙ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"እኔም መምህር ነበርኩ" አሉኝ። "ሰው ከጠመኔ ይወጣል፣ ጠመኔ ግን ከሰው አይወጣም።"

የእጅ ጽሑፌን ጋሽ ይርጋ አሞግሶ ነግሯቸው ኖሮ፣ ቃለ ጉባኤ እንድይዝላቸው ጠየቁኝ። ከሠራተኞቹ መካከል የሚይዝ ሰው ጠፍቶ ነበር፤ ምክንያቱ ያኔ አልገባኝም። ከኩራቴ የተነሳ ቤት እስክገባ ድረስ ፈገግታዬን መሰብሰብ አልቻልኩም።

ግምገማ ምን እንደሆነ ያላየ ወጣት አንባቢ ሊኖር ስለሚችል ባጭሩ ልግለጽ። ሪፖርት ይቀርባል። ቀጥሎ እያንዳንዱ ሰው ተነስቶ የራሱን ድክመት ይናገራል፤ ይህ ግለ ሂስ ይባላል። ከዚያ ሌሎቹ ያልተናገረውን ይጨምሩበታል። በመጨረሻ አቋም ይያዛል። ኮሌጅ ሳለን በየመንፈቁ እንገመገም ነበር፤ እዚያ ያየሁት ነገር ቢኖር፣ "አልፎ አልፎ አረፍዳለሁ፣ ጓደኞቼን በወቅቱ አልሄስም" ብሎ አንድ ሁለት ጥፋት ያመነ ተማሪ ተመስግኖ ይቀመጣል፤ "እኔ ምንም የለብኝም" ያለው ግን እራቱ እስኪቀዘቅዝ ቆሞ ይጠበሳል። ከዚህ ተነስቼ አንድ ሕግ ለራሴ አውጥቼ ነበር፦ ግምገማ የሚያልፈው በደንብ የተዘጋጀ ግለ ሂስ ላለው ሰው ነው። ይህንን ሕግ ለጋሽ ይርጋ ላስተምረው ተነሳሁ።

ቀኑ ትዝ ይለኛል። ከሰባት ሰዓት በኋላ ነው፤ ጫቱ ከአገር ቤት ገብቶ ከተማው ሁሉ ወደ ጥላ የሚሰበሰብበት ሰዓት። መንገዱ ጭር ብሏል፣ ቆርቆሮው ይንጫጫል። ጋሽ ይርጋ ጫት አይቅምም፤ እርጥብ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። እኔ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌያለሁ።

"ያላጠፋሁትን ምን ብዬ ልናገር?" አለኝ።

"ጥፋት አይደለም፣ ጋሼ። ድክመት ነው። ለምሳሌ መዘግየቱን ቀድመህ አሳውቀሃል?"

"በስልክ በየቀኑ።"

"በደብዳቤስ?"

"እነሱ በስልክ አዘዙ፣ እኔ በስልክ መለስኩ። ደብዳቤ ማን ጠየቀኝ?"

"ይኸው አንድ ድክመት" አልኩና ቁጥር ሰጥቼ ጻፍኩት።

እትዬ ዘነበች ከበሩ ላይ ሆና ታዳምጥ ነበር። "አንተ ልጅ" አለችኝ፣ "ባሌን እንደ በግ ብልት ለይተህ ልትመድበው ነው?"

ስቄ አለፍኩት። አንደኛ፣ ችግሩን በጽሑፍ አለማሳወቅ። ሁለተኛ፣ ሰነዶቹን በወቅቱ አለማውጣት። ጋሽ ይርጋ ሁለተኛውን ሲሰማ ለምን እንዳላወጣሁ ይጻፍበት አለኝ። ምክንያት መደርደር ግለ ሂሱን ያበላሸዋል፣ ሰበብ ይባላል አልኩት። ይህም ከኮሌጅ የተማርኩት ነው። ሁለቱን ነጥቦች ደጋግሜ ሳነባቸው ግን ጎደሎ መሰሉኝ። ጥሩ ጽሑፍ ሦስት ነጥብ ይኖረዋል ብዬ ነው ተማሪዎቼን የማስተምረው። ስለዚህ ከራሴ አንድ ጨመርኩ፦ "ሦስተኛ፣ መዘግየቱ በአርሶ አደሩ ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት አቅልዬ ማየቴ።" ጋሽ ይርጋ ይህ እንኳ እውነት አይደለም፣ እንቅልፍ ያጣሁት በእሱ ነው አለኝ። ጋሼ፣ ጨዋ ሰው እንዲህ ነው የሚለው፣ ይህንን ሲሰሙ ይበቃል ብለው ያስቀምጡሃል አልኩት። "እንግዲህ የተማርከው አንተ ነህ" አለ። በጥሩ ወረቀት ገልብጬ ሰጠሁት።

ግምገማው የተካሄደው ወደቡ አጠገብ ባለው የድርጅቱ ቢሮ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሥራ አንድ ሠራተኞች ነበሩ። ማቀዝቀዣው ውኃውን ባልዲ ውስጥ ያንጠባጥባል፤ ጠብታውን ለመቁጠር ያህል ጸጥታ ነበር። ሰዎቹ እየተነሱ ትንንሽ ድክመት ተናገሩ፤ አንዱ ሪፖርት ይዘገይብኛል አለ፣ አንዱ ቶሎ እቆጣለሁ አለ። አቶ መኩሪያ ሁሉንም በትዕግሥት ሰምተው ያመሰግናሉ። ጋሽ ይርጋ ተነስቶ ወረቀቱን አነበበ። አንደኛና ሁለተኛውን ሲጨርስ እንደ አስተማሪ አንገቴን እየነቀነቅኩ ነበር። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ አቶ መኩሪያ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

"እሱን ድገመው፣ ጓድ ይርጋ።"

ደገመው።

"ይህ ከባድ ነው" አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "ወረቀት መዘግየት የአሠራር ነገር ነው። ገበሬውን አቅልሎ ማየት ግን የአመለካከት ችግር ነው።"

ያን ጊዜ ሁሉም የሚሄድበትን መንገድ አየ። በስልክ የመጣውን ትዕዛዝ ከጋሽ ይርጋ ጋር አንድ ክፍል ተቀምጦ የሰማው የስምሪት ኃላፊ እጁን አውጥቶ፣ በሦስተኛው ነጥብ ላይ ላጠናክር አለ። ሌላውም አጠናከረ። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ብቻ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ጋሽ ይርጋ ቆሞ ሁሉንም ሰማ፤ ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

"ይሄ ወረቀት ይቆየኝ" አለ። "ሰነዱን እንዳላወጣ የታዘዝኩት ከእርስዎ ቢሮ ነው። እርስዎ መጥተው የመጀመሪያውን መኪና ሳይሸኙ እንዳይንቀሳቀስ ተባልኩ። ዘጠኝ ቀን ጠበቅኩ፤ ተራችን ያለፈው በዚያ ነው። የማውቀው ይህንን ነው።"

አቶ መኩሪያ አልተቆጡም። ተማሪው ከትምህርቱ የወጣ ጥያቄ የጠየቀበት መምህር እንደሚያደርገው በእርጋታ ወደ እኔ ዞሩ።

"መምህር፣ ይሄን እንለፈው። የሚመለከተው መድረክ ላይ ይታያል።"

"ጓድ ይርጋ በተጨማሪ እንደገለጸው" ብዬ ጽፌ ነበር። እዚያ ላይ ቆምኩ። አንድ እስትንፋስ ያህል ጊዜ እንደነበረኝ አውቃለሁ፤ ምክንያቱም ዓይናቸውን አየሁ፣ ቀጥሎ የጋሽ ይርጋን ትከሻ አየሁ። ከዚያ አንድ መስመር ሰረዝኩበት። አላበቃሁም። ስርዝ ያለበት ቃለ ጉባኤ አልወድም ነበርና፣ ሰዎቹ ሻይ ሲጠጡ ገጹን በንጹሕ ወረቀት እንደገና ገለበጥኩት። የመጀመሪያውን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ፤ ማታ ላቡ ቀለሙን አጥቦት አገኘሁት።

አቋሙ ጋሽ ይርጋ "በራሱ አንደበት ባመነው ድክመት" ከሥራ እንዲሰናበት ሆነ። ቃለ ጉባኤው ተነብቦ መፈረም ነበረበት፤ የአቶ መኩሪያ አውሮፕላን ሰዓት ስለደረሰ ግን ሳይነበብ በየእጁ ዞረ። ጋሽ ይርጋ ጋ ሲደርስ እስክሪብቶውን ከእኔ ተቀብሎ በየገጹ ፈረመ። ደረጃውን ስንወርድ ክንዴን ያዘ።

"ሥራው ይሂድ" አለኝ። "ቃሌን ተናግሬአለሁ፣ ተመዝግቧል። አንድ ቀን የሚያነብ ሰው ይመጣል።"

"እሺ" አልኩት። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር የተናገርኩት ቃል ይኸው ብቻ ነው።

የአቶ መኩሪያን መንገድ ከዚያ ወዲህ ደረጃ በደረጃ ተከታትያለሁ። በዓመቱ ምክትል ሊቀመንበር ሆኑ፤ የማዳበሪያውን ችግር ቦታው ድረስ ወርደው የፈቱ አመራር ተባሉ። ከዚያ ሊቀመንበር። መንገድ አሠሩ፣ በወረዳችን ሁለት ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ እኅቴ ከአንደኛው ተመርቃለች። እሳቸው በቴሌቪዥን ሲታዩ ጋሽ ይርጋ ቤት ከሆንኩ ዳቦ ልግዛ ብዬ እወጣ ነበር፤ ብዙ የማይበላ ባጌት ገዝቻለሁ። አንድ ጊዜ ከቢሯቸው ተደውሎ የጽሑፍ ሥራ ትፈልጋለህ ወይ ተባልኩ። ውል አለብኝ አልኳቸው። እንቢ ያልኩት በክብር እንዳይመስል፤ ፊታቸውን ማየት ፈርቼ ነው። ከጋሽ ይርጋ ቤት ለቅቄ ሌላ ክፍል ተከራየሁ፣ ከዚያም ሌላ፣ አንዱም አልተመቸኝም። ዓርብ ዓርብ ምሳ ግን አልቀረሁም። መቅረቱ ምክንያት ይጠየቅበታል።

ጋሽ ይርጋ ፒኬ 12 አጠገብ የመኪና ቀበቶና ፊልትሮ የሚሸጥ ቆርቆሮ ቤት ከፈተ። አገር ቤት አልተመለሰም። ያን ክረምት ስሙ በየቀበሌው ስብሰባ እንደተነበበ የነገረው ከድር ነው፤ ሲነግረው ቀልድ አልጨመረበትም። ማሳው ቢጫ የሆነበት ሰው ሁሉ ያንን ስም ያውቃል። ከሦስት ዓመት በፊት እናቱ ስታርፍ ሻንጣውን አዘጋጅቶ በሩ ላይ አኖረ፤ ሻንጣው ሁለት ቀን እዚያው ቆሞ ሰነበተና እትዬ ዘነበች መልሳ ፈታችው።

ዓርብ ዕለት ሄድኩ። ዓሣው ቀርቧል። ጋሽ ይርጋ እሾሁን እየለቀመ፣ አምጣ እስቲ አንብብልኝ አለኝ።

"ቃለ ጉባኤው ላይ የለም፣ ጋሼ" አልኩት። "ያኔ የተናገርከው የለም። እንለፈው አሉ፣ ሰረዝኩት። ስርዙ እንዳይታይ ደግሞ ገጹን ገለበጥኩት።"

የያዘውን ሥጋ በእኔ በኩል አስቀመጠ። ጣቶቹን በቂጣው ጠረገ። እትዬ ዘነበች ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ቧንቧ ሲከፈት ሰማሁ፤ ለረጅም ጊዜ አልተዘጋም።

"ለእናቴ ነግሬአት ነበር" አለ በመጨረሻ። "በስልክ። ቃሌ ተጽፏል እማዬ፣ አይዞሽ አልኳት። እሷ ደግሞ ለጎረቤት ሁሉ፣ ልጄ ተናግሯል፣ ወረቀቱ አለ ትል ነበር።"

ሊያባርረኝ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢያባርረኝ ይቀለኝ ነበር። እሱ ግን ያኔ ክፍሉ ውስጥ የነበሩትን ሰዎች በጣቱ ይቆጥር ጀመር። ሁለቱ ሞተዋል። የስምሪት ኃላፊው ካናዳ ነው። ሒሳብ ሠራተኛዋ አዳማ ትኖራለች፣ ስልኳ ከድር ጋ ይገኛል። ሲጨርስ ማመልከቻውን ተወው አለኝ።

"የሆነውን ጻፍ። በአንተ ስም።"

በእኔ ስም ሲለኝ መጀመሪያ ያሰብኩት የትምህርት ቤቱን ቦርድ ነው፤ ከመካከላቸው የአቶ መኩሪያ ወዳጆች አሉ። ይህንን የማላስብ ሰው መሆን ደስ ባለኝ፤ ግን አሰብኩ። ምግቡ ተነሳ። ጠረጴዛው ተጠረገ። እስክሪብቶዬን አወጣሁና እጄ በራሱ ልማድ "አንደኛ" ብሎ ጻፈ። ሰረዝኩት። ከዚያ ምንም ቁጥር ሳልሰጥ፣ ሦስተኛውን ነጥብ እኔ እንደፈጠርኩት፣ እሱ ምን እንደተናገረ፣ እኔ ምን እንዳደረግኩ ጻፍኩ። አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም። ስጨርስ ወረቀቱን አየሁት፤ አናቱ ላይ ያለው ስርዝ ዓይን ይወጋል። ሌላ ወረቀት ለማውጣት ቦርሳዬን ስከፍት ጋሽ ይርጋ እጁን ዘረጋ።

"እንዳትገለብጠው" አለኝ። "እንዲሁ ስጠኝ።"

መነጽሩን አድርጎ፣ እያንዳንዱን መስመር በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ጨርሶ እንደገና ከላይ ጀመረ። ከዚያ መልሶ አቀረበልኝና ፈርም አለኝ። ፈረምኩ።

ይቅር አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ስወጣ እትዬ ዘነበች በር ድረስ አልሸኘችኝም፤ የሚቀጥለው ዓርብ ልምጣ ወይስ ልቅር አላውቅም። ተማሪዎቼን ለዓመታት፣ ሥርዓት ያለው ጽሑፍ የሥርዓተኛ ሰው ሥራ ነው እያልኩ አስተምሬአለሁ። በመስከረም ይህንን ትምህርት ስደርስበት ምን እንደምላቸው ገና አልወሰንኩም። አቶ መኩሪያን ደግሞ አስባቸዋለሁ። ካባቸውን ያለበሷቸው ሰዎች ቃለ ጉባኤውን ለማን እንዳስያዙ፣ ከዚያ ውስጥ ምን እንደታለፈ፣ ያንን የሚያውቀው አንድ መምህር የት እንደተቀመጠ ራሴን እጠይቃለሁ።

ወረቀቱን ከድር ለክልላችን ፓርቲ ቢሮ ሊያደርስ ቅዳሜ ጠዋት ይዞት ወጣ። ከዶራሌ ወደብ ኮንቴይነር ጭኖ ነው የሄደው፣ ቀስ ይላል። ቅዳሜ ማታ ጋላፊ ጠረፍ ደርሷል ብዬ አሰብኩ፤ እሑድ ሚሌ። ዛሬ ሰኞ ነው፤ አዋሽን ሳያልፍ አይቀርም። ስልኬ በጠራ ቁጥር እነሳለሁ፤ እስካሁን የደወለው ሁሉ ውጤት የሚጠይቅ ወላጅ ነው።